ሐይቁ ላይ ስለሚተኮሰው ጥይት፣ ባለፈው ለወጣው ደብዳቤ

ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች። ቺካጎ ነው የምኖረው፣ ጋዜጣችሁ እዚህ አንዱ ኮፒ ስንት ሰው እጅ ላይ ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ ይቺ ደብዳቤ ረዘም ብትልም እባካችሁ ሳትቆርጡ አውጡልኝ።

ነገሩ ባለፈው እትም ላይ የወጣው የአንባቢ ደብዳቤ ነው፣ ወታደር ሐይቃችን ላይ በመትረየስ እየተለማመደ እርሳስ (ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት) እያጠጣን ነው የሚለው። ጸሐፊው ለወገን አስበው እንደጻፉ ያስታውቃል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ደብዳቤው ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ በኋላ የሆነውን ብታዩ... አንዲት ጎረቤታችን እትዬ ለቡናውም ለወጡም የታሸገ ውሀ ካልሆነ ብለው ልጃቸውን ኮስትኮ የሚባለው ትልቅ መደብር እያመላለሱት ነው፣ አንዱ የሐይቅ ዓሣ በቃኝ ብሏል፣ ሌላው ደግሞ «ኧረ እርሳስ እኮ ድንጋይ ማለት ነው፣ ሰምጦ ይቀራል፣ ምን ይሆናል» እያለ ሁሉንም ያሾፍባቸዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ወገን ስቷል። ሐይቅ ውስጥ ጥይት መተኮስን መቃወም ልክ ነው፣ የምንቃወምበት ምክንያት ግን ልክ ካልሆነ ነገ እውነተኛው እቅድ ሲመጣ ማንም አይሰማንም።

መጀመሪያ ነገር ወሬው አሮጌ ነው። ኦገስት 2006 ላይ ኮስት ጋርድ፣ የአሜሪካ የባህር ጠረፍ ጠባቂው ማለት ነው፣ በሰሜን አሜሪካ አምስቱም ታላላቅ ሐይቆች፣ ሱፒሪየር፣ ሚሺጋን፣ ሂውሮን፣ ኢሪ እና ኦንታሪዮ ላይ፣ በድምሩ 34 ቋሚ የተኩስ መለማመጃ ቀጠና ልከልል ነው ብሎ አወጣ። ጀልባዎቹ ላይ የሚጠመደው ኤም 240 የሚባለው መትረየስ ነው፣ 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይት በደቂቃ ከ600 በላይ የሚተፋ። ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሕዝቡ ገና አስተያየት ስጥ ሳይባል በዛው ዓመት ልምምዱን ጀምረውት እንደነበር ታወቀ፣ በቃ ዓሣ አጥማጁ፣ ጀልባ አከራዩ፣ ከንቲባው፣ የካናዳ ሰው ሳይቀር ተነሳ። አስተያየት መስጫው ጊዜ ተራዘመ፣ ሐይቅ ዳር ባሉ ከተሞች ስብሰባ ተጠራ፣ ዲሴምበር 2006 ላይ እቅዱ ተሰረዘ። ክሊቭላንድ የሚቀመጠው፣ ያኔ ዘጠነኛው ዲስትሪክት ይባል የነበረው የኮስት ጋርድ ክፍል አዛዥ ሪር አድሚራል ጆን ክራውሊ ነበሩ ያስታወቁት። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «ሰበር» ተብሎ የሚዞረው ነገር እድሜው ከብዙ ልጆቻችን ይበልጣል።

ግን አሮጌ ነው ብለን እንዳንተወው፣ ምክንያቱም ክርክሩ ያኔም በደንብ አላለቀም፣ እቅዱ ነው የቀረው እንጂ ጥያቄው እንዳለ ነው።

የኮስት ጋርድን ወገን እንየው እስቲ። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ይህ መሥሪያ ቤት የአገር ውስጥ ደኅንነት ወደሚጠብቀው ወደ ሆምላንድ ሴኩሪቲ ገባ፣ ትንንሾቹ ጀልባዎች ላይም መትረየስ ተጠመደ። መትረየስ ከሰጠኸው ደግሞ ማለማመድ አለብህ፣ ያልሰለጠነ ልጅ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ሆኖ ቃታ ከሚስብ እርሳሱ ይሻላል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እነሱም ያሉት ቀጠናዎቹ ከባህር ዳርቻው የራቁ ናቸው፣ የሚተኮሰውም በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፣ እርሳሱም ውሀውን ይጎዳል የሚል ስሌት የለንም ነው። ከካናዳ ጋር ያለው ታሪክም አለ፣ አሜሪካ እና እንግሊዝ በ1817 ራሽ ባጎት የሚባል ስምምነት ተፈራርመው በነዚህ ሐይቆች ላይ የጦር መርከብ ልክ አበጅተውለት ነበር፣ ኦንታሪዮ ላይ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ወገን አንዲት መርከብ፣ አንድ መድፍ ብቻ። በ2003 ዋሽንግተን እና ኦታዋ ተነጋግረው መትረየሱን እንደ ሕግ ማስከበሪያ እንጂ እንደ ጦር መሣሪያ አንቆጥረውም ተባባሉ። ቶሮንቶ ያላችሁ ወንድም እህቶች የምትጠጡት የኦንታሪዮን ውሀ ነው እና ይሄ የናንተም ጉዳይ ነው፣ ሐይቁ መሀል ላይ አጥር የለውም።

አሁን ወደ እርሳሱ። የኤም 240 ተራ ጥይት አረሩ ውስጡ እርሳስ ነው፣ ላዩ በመዳብ ቅይጥ የተለበጠ። እርሳስ ከውሀ ከአስራ አንድ እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ስለዚህ ሚሺጋን ሐይቅ መሀል ላይ ብትጥለው ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ የሐይቁ አማካይ ጥልቀት ወደ 85 ሜትር ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 281 ሜትር ይደርሳል። የሐይቁ ውሀ ደግሞ ካልሲየም ያለበት፣ አሲድነት የሌለው ውሀ ነው፣ በእንዲህ ያለ ውሀ እርሳስ ላዩ ነጣ ያለ ቅርፊት ያበጅና በጣም በቀስታ ነው የሚሟሟው። ያ የሚያሾፈው ሰውዬ ትክክል የሆነው እዚች ላይ ብቻ ነው። እንደ ሚሺጋን ያለ ሐይቅ ውስጥ ከሩቅ የተተኮሰ ጥይት ነገ ጠዋት ቧንቧችሁ ውስጥ አይገኝም።

ትክክል ያልሆነው ደግሞ እዚህ ጋር ነው። ሁሉም ሐይቅ ጥልቅ አይደለም። የኢሪ ሐይቅ ምዕራባዊ ክፍል አማካይ ጥልቀቱ ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ማዕበል ሲነሳ ከስር ያለው ጭቃ ይታመሳል። እዛው ኦሃዮ ውስጥ ካምፕ ፔሪ የሚባለው የጦር ሰፈር አለ፣ የተኩስ ውድድር ሲካሄድበት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ኢላማዎቹ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ናቸው እና ከኋላቸው ያለው ውሀ በተኩስ ቀን የተከለከለ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ሐይቅ ወንዝ አይደለም፣ የገባበት ቶሎ አይወጣም። የሱፒሪየር ውሀ ሙሉ በሙሉ እስኪቀየር ወደ 190 ዓመት ይፈጃል ይባላል፣ ኢሪ ግን ሦስት ዓመት አይሞላውም። እና «ትንሽ ነው» የሚባለውን ነገር በየትኛው ሐይቅ፣ በስንት ሜትር ጥልቀት፣ ለስንት ዓመት ብለህ ካልጠየቅክ መልሱ መልስ አይደለም።

ሦስተኛው ወፎቹ ናቸው። ወፍ ጥርስ የላትም፣ እህሉን የምትፈጨው ጠጠር እየዋጠች ሆዷ ውስጥ ነው፣ ጥልቀት በሌለው ውሀ ዳክዬዋ ጠጠር ስትለቅም እርሳሷንም ትለቅማለች፣ ሆዷ ውስጥ ከጠጠሩ ጋር ሲፋጭ ይደቅና ደሟ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ዳክዬ እና ዝይ በእርሳስ ጥይት ማደን በመላ አገሪቱ የከለከለችው፣ አውሮፓ ኅብረትም ከፌብሩወሪ 2023 ጀምሮ ረግረግ እና ውሀ አካባቢ በእርሳስ ፍንጣሪ መተኮስን ከልክሏል። አዳኙን ከልክለህ ወታደሩን ስትፈቅድ ዳክዬዋ ዩኒፎርም ታያለች እንዴ?

እዚሁ ቺካጎ የሆነ ነገር ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ዳይቨርሲ ወደብ አጠገብ፣ ዛሬ ሰው ውሻ ይዞ የሚሮጥበት ቦታ፣ ሊንከን ፓርክ ጋን ክለብ የሚባል ነበር፣ በ1912 የተቋቋመ፣ የሀብታም ክለብ። የሸክላ ሰሌዳ ወደ ሐይቁ እያወነጨፉ አየር ላይ ይመቱታል፣ ፍንጣሪው እርሳስም የተሰባበረው ሸክላም ሁሉም ዳር ላይ ነው የሚወድቀው። ወደ ሰማንያ ዓመት ሙሉ! በመጨረሻ የኢሊኖይ አቃቤ ሕግ ሐይቁን በክላችኋል ብሎ ከሰሳቸውና በ1991 ተዘጋ። እኔን የሚገርመኝ ሰማንያ ዓመት ሙሉ የሚተኮሰውን እያየ «ይሄ ነገር የት ነው የሚሄደው» ብሎ የጠየቀ ሰው ጠፍቶ ነው ወይስ የሚተኩሱት ሰዎች ስማቸው ከብዶ ነው? መልሱን ለናንተ ልተወው።

እኛም ንጹህ አይደለንም ደግሞ። ሞንትሮዝ ወደብ ላይ አፕሪል ሲመጣ ማታ ማታ ስሜልት የምትባለውን ትንሽ ዓሣ በመረብ ለማውጣት ስንወጣ፣ በጋ ላይ ደግሞ ፐርች የሚባለውን ዓሣ ለመያዝ፣ መንጠቆው እንዲሰምጥ ክሩ ላይ የምናሲዛት ክብ ነገር አለች አይደል፣ መሀሏ የተሰነጠቀ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል። እርሳስ ናት። አንድ ወዳጄ ብርድ ላይ ጣቱ አልታዘዝ ሲለው በጥርሱ ነክሶ ነው ክሩ ላይ የሚያጣብቃት፣ እና ይኸው ሰው እየነከሰ፣ አፉ ውስጥ እርሳስ ይዞ፣ ስለ ኮስት ጋርድ ይራገማል። አንተ ሰው ትፋት እንጂ! አልኩት፣ ሳቀብኝ። ኒው ዮርክ፣ ኒው ሃምፕሺር፣ ሜን እና ቨርሞንት እነዚህን ትንንሾቹን የእርሳስ ክብደቶች መሸጥ ከልክለዋል፣ ሉን የምትባለው ጠላቂ ወፍ እየዋጠቻቸው ስለምትሞት። ከብረት ወይ ከቆርቆሮ የተሠራ በየሱቁ አለ፣ ትንሽ ይወደዳል፣ እሱ ነው ልዩነቱ።

ጥይቱንም ቢሆን እርሳስ በሌለው መቀየር ነዋ የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ኮስት ጋርድም እቅዱን ሲተው አማራጭ እንፈልጋለን ብሎ ነበር። ግን እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ፣ ለኔ የዚህ ሁሉ ክርክር ዋናው ፍሬ ነው። ማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ ላይ ካምፕ ኤድዋርድስ የሚባል የጦር ማሰልጠኛ አለ፣ የተቀመጠው በአካባቢው ሰው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሀ ላይ ነው፣ አፈሩ አሸዋ ስለሆነ ላይ የፈሰሰ ሁሉ ወደ ታች ይዘልቃል። በ1997 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኢፒኤ በእርሳስ መተኮስ አቁሙ አላቸው። ጥሩ፣ አቆሙ፣ ከዛ «አረንጓዴ ጥይት» ተብሎ እርሳሱ ተንግስተን በሚባል ከባድ ብረት እና በናይሎን የተተካ ጥይት መጣ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ተንግስተን አይሟሟም ተብሎ ስለነበር። ለካ ይሟሟል! የከርሰ ምድሩ ውሀ ሲመረመር ተንግስተኑ ወርዶ ተገኘ፣ በ2006 ግዛቱ እሱንም አስቆመው። በኋላ ጭራሽ ወደ እርሳስ ተመልሰው፣ ግን በዚህ ጊዜ አረሩን ከነሙሉው የሚይዝ መቀበያ ከኢላማው ጀርባ ሠርተው ነው የቀጠሉት። ልብ በሉ፣ ሳይንሱ የተሻለ ብረት ስላገኘ ሳይሆን ጥይቱ መሬት ስላልነካ ነው ነገሩ የተረጋጋው።

ሐይቅ ላይ ግን ምን መቀበያ ታደርጋለህ? ጀልባ ላይ ሆነህ ስትተኩስ ቀለሀውን ከጀልባው ወለል ላይ ልትለቅመው ትችላለህ፣ አረሩ ግን ሄደ። ተንግስተንም ይሁን መዳብ ይሁን ቢስመት፣ አንዴ ከወረደ ማንም አያወጣውም፣ ስህተት ነበር ብለህ ብትገነዘብ እንኳ። የአሜሪካ ጦር ከ2010 ጀምሮ ኤም 855 ኤ 1 የሚባለውን እርሳስ አልባ ጥይት፣ ውስጡ መዳብ ጫፉ ብረት የሆነውን፣ ለጠመንጃ ማደል ጀምሯል፣ ለ7.62ም ተመሳሳዩ መጥቷል። በ2006 እቅዱ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ እርሳስ አልባው እስኪደርስ ዓመታት ሙሉ እርሳስ ሲወርድ ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ያኔ ጮሆ ያተረፈው እሱን ነው። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሐይቅ ላይ ልተኩስ የሚል ማንም ይሁን፣ መጀመሪያ የሚያወርደው ነገር ምን እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ከስር ያለው ጭቃ ከመተኮሱ በፊት ተመርምሮ በየስንት ዓመቱ እንደሚመረመር አስቀድሞ ያሳይ፣ ማስረጃ አምጣ መባል ያለበት እሱ ነው እንጂ እኛ ታመን ማሳየት የለብንም። ሲሙሌተር ላይ የሚቻለውን እዛው ይጨርስ፣ የየብስ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ላይ የሚቻለውን እዛ ይተኩስ፣ የሚተርፈው ካለ ያኔ እንነጋገር።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል ግን ይመለከተናል። በተኩስ ልምምድ በእርሳስ መጀመሪያ የሚጎዳው ዓሣውም ወፉም አይደለም፣ ተኳሹ ነው። ቀለሀው ቂጥ ላይ ያለው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ነገር ራሱ ብዙ ጊዜ የእርሳስ ውህድ አለበት፣ በተተኮሰ ቁጥር በጭስ መልክ ይወጣል፣ እጅ ላይ ልብስ ላይ ይቀመጣል። የታጠቀ ሴኩሪቲ ለመሥራት ቤት ውስጥ ባለ ሬንጅ የምትለማመዱ ወንድሞች አላችሁ፣ እባካችሁ እጃችሁን በደንብ ታጥባችሁ፣ ልብስ ጫማ ቀይራችሁ ነው ሕፃን ማቀፍ። ለሕፃን እርሳስ «ይሄን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም፣ አእምሮው ላይ ነው የሚሠራው። ከአገር ቤት በሰው የሚላከውን ኩልም ለሕፃን ዐይን ባትቀቡ፣ እርሳስ ያለበት ኩል ብዙ ነው፣ እዚህ ያሉ የጤና መሥሪያ ቤቶችም ያስጠነቅቃሉ።

አሁን ወደ እትዬ እና ወደ ታሸገው ውሀ። የቺካጎ ውሀ የሚወጣው ከሚሺጋን ሐይቅ ነው፣ ዳርቻው ላይ ቆማችሁ ስትመለከቱ ሩቅ ውሀ መሀል እንደ ቤት የሚታዩት ነገሮች ውሀ መሳቢያዎቹ ናቸው፣ ከዛ ኔቪ ፒር አጠገብ እንዳለው እንደ ጃርዲን ያለ ማጣሪያ ይገባል። ከማጣሪያው ሲወጣ እርሳስ አይደለም ችግሩ። ችግሩ ከመንገዱ ዋና መስመር እቤታችሁ የምታመጣው ቀጭኗ ቧንቧ ናት። ቺካጎ ውስጥ እርሳስ የሆኑ ወደ 400,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች አሉ፣ ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ አንደኛ፣ ምክንያቱም እስከ 1986 ድረስ የከተማው ሕግ ራሱ እርሳስ ካልሆነ አይሆንም ይል ነበር። ከተማው ውሀው ላይ ፎስፌት እየጨመረ ቧንቧውን ከውስጥ ይለብጠዋል፣ ፍሊንት ሚሺጋን ላይ በ2014 ከሂውሮን ሐይቅ ውሀ ወደ ወንዝ ውሀ ሲቀይሩ ይህን አይነት ጥንቃቄ ትተው ነው ያ ሁሉ የእርሳስ መመረዝ መከራ የመጣው። የሂውሮን ውሀ ሲጠጡ ደህና ነበሩ እኮ። ሐይቁ አይደለም ያሳመማቸው።

ይህን የማወራው የጥይቱን ነገር ለማቃለል አይደለም፣ ግን በ2006 የተሰረዘ እቅድ ፈርቶ ኮስትኮ የሚመላለስ ሰው፣ የራሱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ግድግዳውን በስቶ የሚገባውን ቧንቧ አይቶት አያውቅም። እስቲ ውረዱና እዩት፣ ሜትሩ ጋ የሚደርሰውን፣ በቁልፍ ጫር ስታደርጉት ለስለስ ብሎ እንደ ብር የሚያበራ ከሆነ፣ ማግኔትም ካልያዘው፣ እርሳስ ነው። በተለይ የድሮ ነጠላ ቤት ወይም ሁለት ፎቅ ቤት የምትኖሩ፣ ትልልቅ አፓርትመንቶች ቧንቧቸው ወፍራም ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አይደለም። ደግሞ እትዬ አንድ ነገር ይስሙኝ፣ ማፍላት እርሳስ አያጠፋም፣ ውሀው ሲተን እርሳሱ እዛው ነው የሚቀረው፣ ጀበናው ላይ ስለፈላ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ጠዋት መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውሀ ለትንሽ ደቂቃ ለቀቅ አርጎ ማፍሰስ፣ ለመጠጥ እና ለምግብ ከሙቅ ውሀ መስመር አለመቅዳት፣ ከዛ እርሳስ ያወጣል ተብሎ የተመሰከረለት ፊልተር መግጠም፣ NSF/ANSI 53 የሚል ምልክት ያለውን፣ በካርቶን ውሀ ከመሸከም ይረክሳል።

ለጸሐፊው ወንድማችን፣ ካኮረፉኝ ይቅርታ፣ የቺካጎ ልጅ ከሆኑ በዚህ ነገር አብረን ብንሠራ ደስ ይለኛል፣ እንደ እርስዎ የሚጽፍ ሰው ነው የሚያስፈልገው። አዘጋጆችም ቦታ ካላችሁ ይቺን በአማርኛ በትልቁ አውጡልኝ፣ ቺካጎ ያለ ማንኛውም ሰው የከተማው አገልግሎት ስልክ 311 ላይ ደውሎ «የውሀ እርሳስ መመርመሪያ» ብሎ ቢጠይቅ ጠርሙሶቹን በነፃ ይልኩለታል፣ ውሀውን በተባለው መሠረት ሞልቶ ሲመልስ ውጤቱ ይመጣለታል። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው ወላጆች ካሉ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ፣ ካልሆነም ከልጆቻቸው አንዱ አጠገባቸው ሆኖ ይደውልላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከቺካጎ